ብርዱ ሳይወጣ ቲማቲም የማይሸጡላችሁ የአባይ ማዶ ችግኝ ቤት

ባሕር ዳር አባይ ማዶ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄድ እንዳላችሁ የሸንበቆ አጥር ያለው ግቢ አለ፣ ታፔላ ምናምን የለውም፣ የባጃጅ ልጆቹን "ችግኝ ቤት" ካላችኋቸው ያደርሷችኋል። ስለሱ ነው የምጽፈው። የጓሮ አትክልት ልጀምር የሚል ሰው ጥርና የካቲት ላይ "ችግኝ ከየት ልግዛ" ማለቱ አይቀርም፣ የሚሰጠው መልስ ደግሞ "እዛ ጋ አለ" ነው፣ አለቀ። እኔ ጥሩውንም መጥፎውንም ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ለሚቸኩል ሰው ግን፦ የቲማቲም፣ የቃሪያና የጎመን ችግኝ ከዚህ ግዙ፣ ዘርና ኮምፖስት አትግዙ።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ሻጯ እማማ የጠየቃችሁትን ሁሉ አይሸጡላችሁም። ጥር መጨረሻ ላይ ሄጄ ቲማቲምና ቃሪያ ፈልጌ ነበር ስላቸው፣ ችግኙ እዛው ፊቴ ተደርድሮ፣ "አይ አሁንስ አልሰጥሽም የኔ ልጅ፣ ኪዳነ ምሕረት ትለፍ፣ ያኔ ነይ" አሉኝ። የካቲት 16ን ማለታቸው ነው። ብር ይዤ መጥቼ እንዴት አይሸጡልኝም ብዬ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ ልጃቸው ደግሞ ከኋላ ሆኖ ይስቃል፣ ለካ ለመጣው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሉት። በምትኩ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሰጡኝ፣ እነሱ ቅዝቃዜውን ይችሉታል፣ እንደውም ሰላጣ ሙቀት ሲበዛ ነው ቶሎ አብቦ የሚመረው።

"ባሕር ዳር ደግሞ ምን ብርድ አለ" የምትሉ አትጠፉም። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ቀን ቀን ፀሐዩ ስለሚያቃጥለን እንረሳዋለን እንጂ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ብርዱ አልወጣም ብሎ የካቲትንም ይነካል። እርግጥ እንደ ደብረ ብርሃን ውርጭ የለብንም፣ ችግኙ አይሞትም፣ ግን ቢሞትማ ነቅሎ ሌላ መትከል ነው፣ ይሄኛው አይሞትም አያድግም፣ ዝም ብሎ ቁጭ። ጎረቤቴ በዛው ሰሞን ከሌላ ቦታ ረዘም ረዘም ያለ የሚያምር የቲማቲም ችግኝ ገዝታ ተከለች፣ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያደገ ነው ብለዋታል። ሰንበት ብዬ ሄጄ ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው ከታች በኩል ሐምራዊ ሆኗል፣ ደም ስሮቹ ላይማ በጣም፣ ከላይ ስታዩት ግን አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ኩርምት ከማለቱ በቀር ምንም አያስታውቅም። እሷ በሽታ መስሏት መድኃኒት ልትገዛ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፣ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ስሩ ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል፣ ቅጠሉ ቀለሙን የሚቀይረው ለዛ ነው፣ ዳፕ የሚባለውን ማዳበሪያ ብትጨምሩበትም አፈሩ እስኪሞቅ ድረስ ብዙም አይጠቅመውም። ቃሪያ ደግሞ ከቲማቲምም ይብሳል፣ በብርድ ዘሩን ራሳችሁ ከዘራችሁት ለመብቀል ሦስት ሳምንትም ከዛ በላይም ሊፈጅ ይችላል፣ ሰው ታዲያ "ዘሩ የሞተ ነው" ብሎ መደቡን ይገለብጠዋል።

ሀይቁ ዳር የምትኖሩ ትንሽ ይሻላችኋል፣ ውሃው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ ሀይቁ አጠገብ ያለ ጓሮና ከሀይቁ ራቅ ያለ ሜዳ ላይ ያለ ጓሮ ጠዋት ላይ እኩል አይቀዘቅዝም። ይሄንን እማማም ጠይቀውኛል፣ "ቤትሽ የት ነው" ካሉ በኋላ ነው ስንት ችግኝ እንደምወስድ የጠየቁኝ፣ የትኛው ሱቅ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ታዲያ ለምን እስከ ሚያዝያ አንጠብቅም ትሉ ይሆናል፣ እሱም አይሆንም። ቲማቲም ከተተከለ እስኪቀላ ድረስ ሁለት ወር ተኩል ሦስት ወር ይፈልጋል፣ ከኪዳነ ምሕረት በኋላ የተከለ ሰው ግንቦት ላይ መብላት ይጀምራል፣ ሚያዝያ ላይ የተከለ ግን ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ የሰኔ ዝናብ ይደርስበታል፣ ዝናቡ ሲከታተል ደግሞ ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ይመጣል፣ ቅጠሉንም ግንዱንም በአጭር ጊዜ አጥቁሮ የሚያበሰብሰው። ስለዚህ ከብርዱ እስከ ዝናቡ ያለችው ጊዜ ጠባብ ናት፣ እማማ በካላንደር ሳይሆን በበዓል ይቆጥሯታል፣ ግን በትክክል ነው የሚቆጥሯት።

አሁን ወደ ችግኙ። ሲታይ አያምርም፣ እውነቴን ነው፣ አጠር ያለ፣ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ ጠቆር ያለ ነው። መደቡ ላይ በእንጨት የቆመ የሣር ዳስ አለ፣ ችግኙ ሊሸጥ ሲል ሣሩን ቀስ በቀስ እያነሱ ፀሐይና የሌሊት ብርድ ያስለምዱታል፣ ውሃም ይቀንሱበታል። ጓሮ ወስዳችሁ ስትተክሉት ጠውልጎ አይተኛም፣ የተከልኩት ማግስት ቀጥ ብሎ ነው ያደረው፣ ከሌላ ቦታ በገዛሁት ይሄን አይቼ አላውቅም። አፈራቸው ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው፣ ዕድሜ ለልጃቸው ሳይደብቅ ነገረኝ፣ እኔም ቤት አሁን እሱኑ ነው የምጠቀመው። ቲማቲምና ቃሪያው በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ነው፣ ጎመኑ ግን ከመደብ ተነቅሎ ነው የሚሰጣችሁ፣ መጀመሪያ መደቡን ያጠጡና በማንኪያ ከስር ፈንቀል አድርገው ቅጠሉን ይዘው ያወጡታል፣ ግንዱን በጭራሽ አይነኩትም፣ ከዛ በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ያስሩላችኋል። ዋጋው በኔ ጊዜ ቲማቲምም ቃሪያም 10 10 ብር ነበር፣ የጎመኑ እስር 50፣ ርካሽ አይደለም ግን የሚጸድቀውን ስታስቡት ውድም አይደለም። ቴሌብር ይቀበላሉ።

የቲማቲም ዓይነት መምረጥ አትችሉም፣ ያላቸው ሮማ ብቻ ነው፣ መልካ ሾላ ጠይቄ የለም ተብያለሁ። ለጓሮ ሮማ ይበቃል በርግጥ፣ ብዙ ስለማይረዝም አጠር ያለ እንጨት ከደገፋችሁት ይበቃዋል። የቃሪያው ዓይነት ምን እንደሆነ ግን ልጁም አያውቀውም፣ "የሚያቃጥለው ነው" ነው መልሱ፣ ያቃጥላል እሱስ።

ስለ ተባዩ ደግሞ ከችግኙ ይልቅ ምክራቸው ነው ዋጋ ያለው፣ እሱም በነፃ። ቲማቲሙን ስወስድ "ሃይላንድ አለሽ ቤት?" አሉኝ፣ አለ አልኩ፣ ወገቡን ቆርጠሽ እያንዳንዱ ችግኝ ላይ እንደ ቀለበት አድርገሽ ጥቂት ወደ አፈሩ አስገቢው አሉኝ። ቆራጭ ትል የሚባለው ሌሊት እየወጣ ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ጠዋት ስትወጡ ችግኙ በመቀስ የተቆረጠ መስሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ሃይላንዱ ያልደረሳቸው ሁለት ችግኞች ነበሩ፣ አንዱ በነጋታው ወድቆ አገኘሁት፣ ጉቶው ዙሪያ አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር ሳደርግ ብዙ ሳልቆፍር ወጣ፣ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ስትነኩት ጥቅልል የሚል ነገር። ቀን እዛው የገደለው ተክል ስር ተኝቶ ነው የሚውለው፣ ይሄን ካወቃችሁ መድኃኒት አያስፈልጋችሁም፣ ጠዋት ጠዋት መጫር ነው፣ ዶሮ ካላችሁ ደግሞ ትሉን ስጧት።

ጎመኑ ላይ የሚመጣው ክሽክሽ ነው፣ ቅጠሉ ጀርባና እንቡጡ ውስጥ አመድ የመሰለ ሆኖ ይጠቀጠቃል፣ ቅጠሉን እየገለበጣችሁ እዩት። ገና ሲጀምር በጎማ ውሃ በኃይል መምታት ይበቃል፣ ካልሆነ ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ፣ ግን ማታ ማታ፣ ፀሐይ ላይ ከረጫችሁት ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የኒም ቅጠል ወቅጠው ዘፍዝፈው የሚረጩም አሉ፣ እኔ ሞክሬው ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

የሚያስፈራው ቱታ ነው፣ ቱታ አብሶሉታ። ከደቡብ አሜሪካ የተነሳ የቲማቲም ተባይ ነው፣ እኛ ሀገር የገባው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ ከዛ ወዲህ የቲማቲም ገበሬ ሲረጭ ነው የሚውለው፣ ብዙዎቹን መድኃኒቶች ደግሞ ለምዷቸዋል። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ በሁለቱ ቆዳ መሃል ነው የሚበላው፣ ብርሃን ላይ ስታዩት ነጣ ያለ መስኮት ይመስላል፣ ውስጡ ጥቁር ጥቁር ኩሱ ይታያል፣ ከዛ ወደ ፍሬው ይሄድና በመርፌ የተበሳ የመሰለች ቀዳዳ ትቶ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ችግኝ ቤቱ መረብ የለውም፣ ክፍት ነው፣ ከወሰድኳቸው አንዱ ላይ እንደዚህ ዓይነት ቅጠል አይቼ ለልጁ ሳሳየው "ምንም አይደል፣ ቅጠሏን በጥሻት" አለኝ። መበጠሱ ልክ ነው፣ እኔም የማደርገው እሱን ነው፣ በጥሼ ፌስታል ውስጥ አስሬ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነው የምጥለው፣ ግን የሚሸጥ ችግኝ ላይ መገኘት አልነበረበትም፣ ቢያንስ ይቀይርልኝ ነበር። ስለዚህ ስትገዙ አትፈሩ፣ እያንዳንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንስታችሁ እዩ፣ እማማ አይቆጡም።

ሌላው ዘር ነው። የሽንኩርት ዘር በቡና ስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ፣ የምርት ዓመት የለው ምን የለው፣ ገዝቼ ግማሹም አልበቀለልኝም። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ነው የሚደክመው፣ ዓመት ሁለት ዓመት ካለፈው ተስፋ የለውም፣ ስለዚህ ቀን የተጻፈበት እሽግ ካልሆነ ብራችሁን አታባክኑ። ለነገሩ የሽንኩርት አገሩ ፎገራ አጠገባችን እያለ በሦስት ካሬ ጓሮ ሽንኩርት መዝራት ራሱ ምን ይሉታል፣ ቦታውን ለቃሪያ ስጡት።

ኮምፖስቱን ደግሞ ልጁ ነው የጀመረው፣ ከእምቦጭ የተሠራ ነው፣ በማዳበሪያ ከረጢት። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ጣናን የወረረው አረም ወጥቶ ለጎመን ቢውል ማን ይጠላል፣ ግን ከረጢቱን ስፈታው ግንዱ ገና እንደ ግንድ ነው፣ ይሸታል፣ አልበሰለም። ያልበሰለ ነገር ችግኝ ስር ካደረጋችሁ ስሩን ይጎዳል። በሚቀጥለው ዓመት ይሻሻል ይሆናል።

መድኃኒት አይሸጡም፣ ይሄን እንደ ጉድለት የሚያይ አለ፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ገበያ ውስጥ በሃይላንድ ተቀድቶ ያለ ምንም ጽሑፍ የሚሸጠውን ታውቁታላችሁ፣ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት አይታወቅም፣ ልጆቻችሁ ለሚበሉት ሰላጣ እሱን አትርጩ በቃ።

ወንዙ ዳር ቦታ ያላችሁ ስለ ጉማሬ ደግሞ እዚህ ግቢ ብትጠይቁ መፍትሔ የለም፣ ጠይቄላችኋለሁ፣ "አጥር" ነው ያሉት፣ ጉማሬ አጥር እንደሚፈራ ሁሉ።

ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ችግኙ በፀሐይ እየተንገላታ ባጃጅ ላይ ይጠወልጋል፣ ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ እነሱ የላቸውም። ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ስለሚገባ ወረፋ አለ፣ እሑድና በበዓል ዝግ ነው፣ ራሱ የካቲት 16 ቀንም ዝግ ነው፣ በማግስቱ ነው መሄድ ያለባችሁ፣ ቃሪያው ከቲማቲሙ ቀድሞ ያልቃል።