ካኖፒና አካዳሚክ ቪዲዮ ኦንላይን፦ ላይብረሪው የሚከፍልላችሁ ቪዲዮ

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የሚማር ሰው ከፍሎበት ሳይጠቀምበት ከሚመረቅባቸው ነገሮች አንዱ የላይብረሪው የቪዲዮ ስብስብ ነው። ዩቲዩብ ላይ በማስታወቂያ ተቆራርጦ፣ ማን እንደጫነው ሳይታወቅ የሚታየው ዘጋቢ ፊልም እዚያ ሙሉውን ከነሰብታይትሉ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጎን ለጎን የሚይዟቸው ሁለት አገልግሎቶች አሉ፤ ካኖፒና አሌክሳንደር ስትሪት የተባለው አሳታሚ የሚያቀርበው አካዳሚክ ቪዲዮ ኦንላይን።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለክፍል ሥራ መጀመሪያ አካዳሚክ ቪዲዮ ኦንላይንን ፈልጉ፤ እዚያ ከጠፋ ወደ ካኖፒ እለፉ። ለዓይን የሚያምረው ካኖፒ ነው፤ ፊልም ለሚወድ ሰውም ምርጫው የተሻለ ነው። ልዩነቱ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው።

አካዳሚክ ቪዲዮ ኦንላይን በዓመታዊ ክፍያ የሚገባ ጥቅል ነው። 1 ሰው አየው 1,000፣ የላይብረሪው ሂሳብ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ የተመሠረተው ካኖፒ ግን በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የታወቀው በሌላ አሠራር ነው። ፊልሞቹ ለተማሪው ክፍት ሆነው ይቀርባሉ፤ አንድ ፊልም እያንዳንዱ 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሆኖ 4 ጊዜ ሲታይ ላይብረሪው ፈቃድ እንደገዛ ይቆጠራል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ዋጋ ለ1 ዓመት 150 ዶላር፣ ለ3 ዓመት 350 ዶላር ነበር። እስቲ አስሉት፦ 20 ተማሪዎች ለአሳይንመንት የሚሆን ለመምረጥ ብለው እያንዳንዳቸው 5 ፊልም ለ1 ደቂቃ ከፍተው ይዘጋሉ። መቶው መክፈቻ 25 ፊልሞች ላይ አራት አራት ጊዜ ቢያርፍ የአንድ ዓመቱ ሂሳብ 3,750 ዶላር ይሆናል፤ አንዱንም ፊልም እስከ መጨረሻው ያየ ሳይኖር።

ብዙ ላይብረሪዎች በሩን ያጠበቡት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ፣ የብሩክሊንና የክዊንስ የሕዝብ ላይብረሪዎች ወጪውን መሸከም ከብዷቸው ካኖፒን አቋርጠዋል። ካኖፒ በ2021 ለላይብረሪዎች ዲጂታል መጻሕፍት ወደሚያቀርበው ኦቨርድራይቭ ድርጅት እጅ ገባ። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲ ፊልሙን ስትጫኑ ከማጫወቻው ፈንታ የመጠየቂያ ቅጽ ይመጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። ቅጹ ላይ «ለትምህርቴ ያስፈልገኛል» ብሎ መላክ ግን ብዙም አይረዳም። የኮርሱን መለያ ቁጥር፣ የመምህሩን ስም፣ ስንት ተማሪ እንደሚያየው፣ የሚታይበትን ቀን፣ ግዴታ ይሁን ለተጨማሪ ንባብ የታሰበ፣ ሁሉንም ጻፉ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ላኩት። ከመጫወቻው ቁልፍ በፊት ደግሞ መግለጫውን፣ ርዝመቱንና የተሠራበትን ዓመት የማንበብ ልማድ ይኑራችሁ።

ወደ ይዘቱ ስንመጣ አሌክሳንደር ስትሪት የሚያይለው በሙያ ትምህርት ነው። የነርሲንግ፣ የምክር አገልግሎትና የሥነ ልቦና ሕክምና፣ የኢትኖግራፊ (የሕዝቦች ባህልና አኗኗር ጥናት) ስብስቦች አሉት። ነርሲንግ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የነርሲንጉ ቪዲዮዎች ዘገምተኛና ግልጽ ናቸው፤ ካቴተር እንዴት እንደሚገባ፣ ጓንት እንዴት እንደሚወልቅ ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ። አደጋው ዕድሜያቸው ነው። ምሳሌ እንስጥ፦ የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ ለአዋቂዎች የልብና የሳንባ ማነቃቂያን ቅደም ተከተል በ2010 ቀይሮ ደረትን መጫን ከትንፋሽ አስቀደመ፤ በ2015 ደግሞ ፍጥነቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ብሎ ወሰነ። የ2008 ቪዲዮ አይቶ ለፈተና የሚቀርብ ተማሪ በጥሩ እንግሊዝኛ የተነገረ ስህተት ይዞ ይገባል። ስትፈልጉ ውጤቱን በዓመት አጥሩት፤ ለመድኃኒት መጠንና ለድንገተኛ እርዳታ ግን ሁልጊዜ የወቅቱን መመሪያ አመሳክሩ።

ስለ ኢትዮጵያ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ አጻጻፍ አይበቃም። ስሞቻችን በላቲን ፊደል ሲጻፉ ወጥነት የላቸውም፤ የአንድን ንጉሥ ስም በሁለት በሦስት ዓይነት፣ የቆየውን ፊልም ለማግኘት ደግሞ «አቢሲኒያ» ብላችሁ ሞክሩ። አሌክሳንደር ስትሪት የሚነገረውን ከቪዲዮው ጎን በጽሑፍ ስለሚያሳይ፣ ቃል ፈልጋችሁ ያንን ስትጫኑ ቪዲዮው ወደዚያው ቦታ ይዘላል። የ90 ደቂቃ ፊልም ውስጥ የ2 ደቂቃ ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ክሊፕ ቆርጦ ሊንኩን ለክፍሉ መላክም ይቻላል፤ የማጣቀሻ ጽሑፉንም ራሱ ያዘጋጅላችኋል፣ ዓመቱንና የአዘጋጁን ስም ግን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ጽሑፉን ኮምፒውተር የጻፈው ከሆነ የአበሻ ስም እንዳልነበረ ሆኖ ሊወጣ ይችላልና እንዳለ አትቅዱት።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያማርረው ነገር፦ ቪዲዮው አልከፈት ማለት። የመጀመሪያው ምክንያት በጉግል ወይም ጓደኛ በላከው ሊንክ መግባት ነው። ከላይብረሪው ድረ ገጽ የዳታቤዝ ዝርዝር ተነስታችሁ በተማሪ አካውንታችሁ ግቡ፤ ያኔ ነው ድርጅቱ የዩኒቨርሲቲው ሰው መሆናችሁን የሚያውቀው። ለሌላ ሰው ስትልኩም ከአድራሻ ሳጥኑ ላይ የሚታየውን አትቅዱ፤ በውስጡ የእናንተ የጊዜያዊ መግቢያ ሊኖር ይችላል፣ ነገ አይሠራም። ገጹ የሚሰጠውን ቋሚ ሊንክ ውሰዱና ላይብረሪው ፕሮክሲ (ከውጭ የሚገባን ተማሪ ለይቶ የሚያሳልፍ መግቢያ) የሚጠቀም ከሆነ የፕሮክሲውን ቅድመ አድራሻ ከፊቱ ቀጥሉበት።

ሁለተኛው ካኖፒ ላይ ብቻ የሚያጋጥም ነው። የከተማችሁ የሕዝብ ላይብረሪ ካርድ ካላችሁ አንድ የካኖፒ አካውንት ሁለቱንም ይይዛል። በሕዝብ ላይብረሪ በኩል በወር የተመጠነ ትኬት፣ ማለትም ፊልም በታየ ቁጥር የሚቀነስ ድርሻ፣ አለ፤ በዩኒቨርሲቲ በኩል ትኬት አይቆጠርም። አካውንቱ የሕዝቡን ላይብረሪ እንደ ዋና ከያዘ ለክፍል ሥራ ያያችሁት ፊልም የቤተሰባችሁን ትኬት ይበላል፤ ዩኒቨርሲቲው የገዛው ፊልምም «የለም» ሊላችሁ ይችላል። ከማጫወታችሁ በፊት የትኛው ላይብረሪ እንደተመረጠ እዩ።

ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ከጠቆረ ነገሩ የቅጂ መከላከያው ነው። በዙም ስክሪን ሼር ስታደርጉ ለተማሪዎቹ ጥቁር ሳጥን የሚታያቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የብራውዘሩን ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚባል ማስተካከያ ማጥፋት እንደ መፍትሔ ሲነገር ትሰማላችሁ፣ ቢሠራ እንኳ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሊንኩን ልኮ እያንዳንዱ በየቤቱ እንዲያይ ማድረግ ይሻላል። አሮጌ ብራውዘር፣ ማስታወቂያ ማገጃና አንዳንድ የፕሮጀክተር ገመድም ይህንኑ ያመጣሉ። ካንቫስ በተባለው የኮርስ ድረ ገጽ ውስጥ የተለጠፈ ቪዲዮ ደጋግሞ ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነ ብራውዘሩ የሌላ ድረ ገጽ ኩኪን (መግባታችሁን የሚያስታውሰውን ትንሽ ፋይል) ስለከለከለ ሊሆን ይችላል፤ በአዲስ ገጽ ክፈቱት።

ለክረምት ኢትዮጵያ የሚሄዱ ተማሪዎች ሁለት ነገር ይወቁ። የፊልም መብት በአገር ስለሚሸጥ አሜሪካ የሚከፈተው ሁሉ አዲስ አበባ አይከፈትም፤ የሚያስፈልጋችሁን ርዕስ ከመነሳታችሁ በፊት ላይብረሪያኑን ጠይቁ። ሌላው ዳታ ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ከሆነ በሰዓት 450 ሜጋባይት፣ 5 ሜጋቢት ከሆነ 2.25 ጊጋባይት ይሄዳል። በሞባይል ጥቅል የምታዩ ከሆነ ጥራቱን ራሳችሁ ዝቅ አድርጉት፤ በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነ ቁጥር የበለጠ ይወስዳል።

መምህራን ደግሞ ሲላበስ (የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ) ስታዘጋጁ የፈቃዱን ማብቂያ ጠይቁ። ባለፈው መጋቢት ለአንድ ዓመት የተገዛ ፊልም በዚህ መጋቢት፣ በሴሚስተሩ መሐል፣ ለመጨረሻው ወረቀት በሚፈለግበት ሰዓት ይዘጋል።