ኪያንቲን በሳይክል ልትዞሩ ካሰባችሁ፣ ፋይሉን ሳታዩ ቀብድ እንዳትከፍሉ

እኔና ባለቤቴ በወይን ለቀማው ሰሞን ጣሊያን ሄደን ነበር። ፍሎረንስና ሲዬና መካከል ያለውን የኪያንቲ ኮረብታ ስድስት ቀን በሳይክል ለመዞር ለሁለታችን 2,580 ዩሮ ከፍለናል። ማስታወቂያው «መኪና የማይበዛባቸው ጸጥ ያሉ የገጠር መንገዶች፣ በወይን እርሻ መሃል» ይላል። የገዛነው እሱን ነበር፤ የተሰጠን ግን ሌላ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እናንተን የሚጠቅማችሁ አሠራሩን ማወቁ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስትመዘገቡ 30 ከመቶ ቀብድ ትከፍላላችሁ። ቀሪው ከጉዞው ስድስት ሳምንት በፊት ይገባል። መንገዱን ስልክ ላይ የሚያሳየው የጂፒኤክስ ፋይል የሚላከው ግን ልትነሱ አንድ ሳምንት ሲቀር ነው፣ ያኔ ደግሞ ቀረን ብትሉ አንድ ሳንቲም አይመለስም። ከመክፈሌ በፊት ፋይሉን ጠይቄአቸው ነበር። «የድርጅታችን ንብረት ስለሆነ ቀድመን አንሰጥም» አሉ። የሰጡን አንድ ሥዕል ነው፤ አረንጓዴ ኮረብታ ላይ ስድስት ባለ ቀለም መስመር ተስሎበታል፣ የመንገድ ስም የለ፣ ቁጥር የለ። እዚያው ላይ መተው ነበረብኝ። ባለቤቴም «ይሄ ነገር አላማረኝም» ብላኝ ነበር።

ፋይሉ መጥቶ ስከፍተው የሁለተኛው ቀን መስመር ቀጥ ብሎ ኤስኤር 222 ላይ ተቀመጠ። ኪያንቲጃና የሚባለው መንገድ ነው። ከፍሎረንስ ተነስቶ በግሬቬ፣ በፓንዛኖና በካስቴሊና አድርጎ ሲዬና ይገባል። ውበቱን አልክድም፣ ዓይን አይጠግበውም። ግን የአካባቢው ዋና የጉብኝት መንገድ ስለሆነ መኪና የተከራየ ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሞተረኞቹ ይጨመራሉ። የእኛ ሁለተኛ ቀን ቅዳሜ ነበር።

ግሬቬ ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ፓንዛኖ 500 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሙሉውን ዳገት ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ከፊት ናት፣ እኔ ከኋላ። ከግራችን አንድ ትራክተር ወይን የሞላ ተሳቢ እየጎተተ ይወርዳል፣ ከኋላችን ሞተሮች በሰልፍ ይመጣሉ፣ መንገዱ ዳር ላይ የሚሸሹበት ቦታ የለም። አንዱ ሞተር በእሷና በትራክተሩ መካከል ሾልኮ አለፈ። የመስተዋቱ ጫፍ የጃኬቷን እጅጌ ነካው። አልወደቀችም፣ ግን መሪውን የጨበጠችበት እጇ እየተንቀጠቀጠ ሳር ላይ ወርዳ ቆመች፣ እኔም ደርሼ ውኃ ስሰጣት መጨበጥ አቃታት። ጣሊያን ውስጥ የመንገዱ ሁኔታ እስከፈቀደ ድረስ ሳይክል ሲታለፍ 1.5 ሜትር ርቀት መተው አለበት የሚል ሕግ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወጥቷል። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው። ጠባብ ጥምዝ ላይ ግን ሕግ አያድናችሁም፤ የሚያድናችሁ መጀመሪያውኑ እዚያ መንገድ ላይ አለመገኘት ነው። እኛም የከፈልነው ለዚሁ ነበር።

ስልክ ደወልኩ። የ24 ሰዓት እርዳታ የተባለው ቁጥር ለአርባ ደቂቃ አልተነሳም። ሲነሳም መልሱ «መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ትራፊኩን እኛ አንቆጣጠርም» ሆነ።

ሁለተኛው ነገር ዳገቱ ነው፣ ይሄን በደንብ ልብ በሉት። ለሦስተኛው ቀን የተጻፈልን 52 ኪሎ ሜትርና በድምሩ 650 ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ ዳገት ነው። ጉዞውን የሚለካው መሣሪያዬ ማታ ላይ ያሳየኝ 1,080 ሜትር ነበር። ኪያንቲ ውስጥ ትልቅ ተራራ ስለማታዩ ቀላል ይመስላችኋል። አድካሚው ግን መውረድና መውጣቱ ነው፤ 80 ሜትር የምትሆን ጉብታ አሥር ጊዜ ብትወጡ 800 ሜትር ሞላ። ነጻ ካርታዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በመንኮራኩር የተለካውን የመሬት ከፍታ ነው። በዚያ ልኬት ነጥቦቹ በ30 ሜትር ገደማ የተራራቁ ስለሆኑ አጭርና ቀጥ ያለ ዳገት ተለስልሶ ይታያል። ስለዚህ «የዳገቱን ቁጥር ከየት አመጣችሁት? ሰው በሳይክል ሄዶበት ነው ወይስ ከካርታ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛን የላኩን ሰዎች በዚያ መንገድ በሳይክል ያለፉ አይመስለኝም።

ሳይክሉም ያው ነው። «ቀላል የካርቦን ሳይክል» ተባልን። ካርቦን መሆኑን አልዋሹም። የፊቱ ትንሹ ማርሽ 36 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 28 ጥርስ ነበረው። በዚህ ማርሽ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሩ 2.7 ሜትር ትሄዳላችሁ። ፊቱም ኋላውም 34 ቢሆን 2.1 ሜትር ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ነው፣ 12 ከመቶ ዳገት ላይ ግን ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትገፋላችሁ። እኛ ገፋን።

ከዚያ ኮረኮንቹ መጣ። ከጋዮሌ ወደ ብሮሊዮ ቤተ መንግሥት አካባቢ ያሉት ነጫጭ መንገዶች፣ ጣሊያኖቹ ስትራዴ ቢያንኬ የሚሏቸው፣ እውነትም ጸጥ ያሉ ናቸው። ከመላው ጉዞ የወደድኩት እነሱን ነው። ግን ኮረኮንች እንዳለበት የትም አልተጻፈልንም፣ ጎማችን ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ነበር። ቁልቁለት ላይ የባለቤቴ የኋላ ጎማ ጎኑ ተተረተረ። መጠገኛ ተብሎ የተሰጠን ቦርሳ ውስጥ የነበረው የውስጥ ጎማ ለሌላ መጠን የተሠራ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር በእግር ገፋን።

ስለ ሆቴሉ ብዙ አልልም። ውሉ ላይ «ወይም ተመጣጣኝ» የምትል ቃል አለች። ራዳ ከተማ ውስጥ የተባለው ወደ ሌላ ቦታ ተቀየረና በየማታው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ትርፍ፣ ያውም በዋና መንገድ፣ ተጨመረብን። ያቺን ቃል ካያችሁ «ከመስመሩ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል» የሚል ነገር በጽሁፍ አስጨምሩ።

በአራተኛው ቀን ፋይሉን ትተን የራሳችንን መንገድ ሄድን። ከራዳ በላይ ቮልፓያ የምትባል ትንሽ የድንጋይ መንደር አለች፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሳን። እስክንደርስ ያየነው ሁለት መኪናና አንድ ሽማግሌ ከውሻው ጋር ነው። ያንን መስመር ያገኘሁት ሆቴል አልጋ ላይ ሆኜ በስልኬ በነጻ ነው። ጋዮሌ ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሌሮይካ የተባለው የድሮ ሳይክሎች ጉዞ የሚሄድበትም መስመር ዓመቱን ሙሉ ምልክት ተተክሎለት ማንም ያለ ክፍያ የሚሄድበት ነው። ረጅሙ ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ግን የሚበቃችሁን ቆርጣችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። እርግጥ ኮረኮንቹ ብዙ ነው፣ ወፍራም ጎማ ያስፈልጋል።

እና አሁንም መግዛት ከፈለጋችሁ፣ ዕቃ ማጓጓዙና ሆቴሉ ስለሚያሳርፍ ይገባኛል፣ ፋይሉን ወይም ቢያንስ የአንዱን ቀን ፋይል ቅድሚያ ጠይቁ። ክፈቱትና የመንገዱን ቁጥር እዩ። ኤስኤር 222 ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በሳምንቱ የትኛው ቀን ላይ እንደሚያርፍ ቁጠሩ። ጠባብ የመሰላችሁን ቦታ በመንገድ ፎቶ ተመልከቱ። የማርሹን ጥርስና የጎማውን ስፋት በቁጥር ይጻፉላችሁ። እምቢ ካሉ፣ እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

እንደኛ ከፍላችሁ የገባችሁ ካላችሁም ዝም አትበሉ። ሻጩ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነ፣ ሆቴልና ሳይክል ወይም መጓጓዣ አንድ ላይ አድርጎ የሸጠው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ በኅብረቱ የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ በቁጥር 2015/2302፣ ይገዛል። መመሪያው ከጁላይ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። የተሸጠው ነገር ከተባለው ጋር ካልገጠመ የዋጋ ቅናሽ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ከጉዞው በፊት ዋጋውን ከ8 ከመቶ በላይ ከጨመሩባችሁም ያለ ቅጣት መውጣት ትችላላችሁ። ግን ችግሩን ሳትዘገዩ፣ እዚያው እያላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። በስልክ ብቻ አይበቃም፣ በኢሜይል አድርጉት። እኛን እስካሁን የረዳን ባለቤቴ ሳር ላይ ቁጭ ብላ ሰዓቱን ጽፋ የላከችው አጭር ኢሜይልና የተቀደደው ጎማ ፎቶ ነው።

ድርጅቱ መጀመሪያ ምንም አላለም። የመመሪያውን ቁጥር ጠቅሰን ስንጽፍ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያገለግል የ300 ዩሮ ቫውቸር ላከልን። መለስነው። የጠየቅነው ገንዘብ ነው፣ እየጠበቅን ነው።