ሆዴ ውስጥ ባንድ ካስገባሁ 14 ወር

«ባንድ አስገባሁ» ስላቸው ሙዚቃ የጀመርኩ የመሰላቸው ጓደኞች አሉኝ። እኔ የማወራው ስለ ጨጓራ ባንድ፣ ማለትም ክብደት ለመቀነስ በቀዶ ጥገና ስለሚገባ ቀለበት ነው። ሲገባልኝ 118 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ስለሆነ ቢኤምአዬ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቁጥር) ከ40 ትንሽ ያልፍ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ 94 አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሲሊኮን ቀለበት የጨጓራን የላይኛውን ጫፍ ይከበዋል። ከቀለበቱ በላይ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልበለጠ የምትይዝ ከረጢት ትቀራለች። እሷ ቶሎ ስትሞላ ጥጋብም ቶሎ ይመጣል። ቀለበቱ በውስጥ በኩል ፊኛ አለው። ከፊኛው የሚወጣ ቱቦ ቆዳዬ ሥር ከተቀበረች ፖርት፣ ማለትም ከትንሽ የመርፌ መግቢያ ጋር ይገናኛል። በፖርቷ ጨዋማ ውሃ ሲጨመር ቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሲቀነስ ይላላል። ጨጓራ አይቆረጥም፣ አንጀት አይነካም። የመረጥኩትም ለዚህ ነው፤ ፈሪ ነኝ። (በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በላፓሮስኮፒ ማለት ነው፣ መጀመሪያ የሠራው በ1993 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ የኢትዮጵያ ተወላጁ ሐኪም ምትኩ በላቸው መሆኑን ያወቅኩት ከገባልኝ በኋላ ነው። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።)

ቀዶ ጥገናው ገና ጅማሬው እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ ነው። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ማጥበቅ ሲጀመር ነው። እስካሁን 5 ጊዜ ተወግቻለሁ። በጀርባዬ እተኛለሁ፣ ሆዴ እንዲጠነክር አንገቴን ቀና አደርጋለሁ። ሐኪሟ በጣቷ ስትዳብስ ቆይታ «አገኘኋት» ትላለች፣ መርፌው ይገባል። ከዚያ ቁጭ ብዬ ውሃ እጠጣለሁ። ውሃው ከወረደ ወደ ቤቴ፤ ካልወረደ ትንሽ ትቀንስልኛለች።

ሦስተኛው ላይ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ሚዛኑ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲለኝ «እባክሽ ጨምሪልኝ» ብዬ ወተወትኳት። በሳምንቱ ሰው ቤት ተጋብዤ፣ ጨዋታው ሞቅ ብሎ፣ ደረቅ የዶሮ ሥጋ በደንብ ሳላላምጥ ዋጥኩ። ደረቴ መሃል ቆመ። አይወርድ፣ አይወጣ። አፌ በነጭ አረፋማ ምራቅ ሞላ። በውሃ ላወርደው ብሞክር ጭራሽ ባሰብኝ። መታጠቢያ ቤት 40 ደቂቃ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ፤ ባለቤቶቹም በሩን ማንኳኳት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ቃርና ሳል ያስነሳኝ ጀመር። የሌሊት ሳል በጣም የመጥበቁ ምልክት ነው፤ ችላ አትበሉት። ግማሽ ሚሊ ሊትር ስትቀንስልኝ በማግስቱ ሰው ሆንኩ።

ደግሞም ባንዱ ይሸወዳል። ዳቦና ሥጋን ያስቆማል፤ አይስክሬምን ግን ሰላም ብሎ ያሳልፋል። ከ7ኛው እስከ 9ኛው ወር አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነስኩም። ባንዱን ሳማ ከረምኩ፤ ጥፋቱ ግን የማታ አይስክሬሜ ነበር። አሁን ፕሮቲኑን አስቀድሜ እበላለሁ፣ በትንሹ እቆርሳለሁ፣ ከምግብ ጋር አልጠጣም።

ጉዱንም ልንገራችሁ። ባንዱ ሊንሸራተት ይችላል። ውሎ አድሮ የጨጓራን ግድግዳ ሸርሽሮ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቱቦው ሊያፈስ፣ ፖርቷም ልትገለበጥ ትችላለች። ከዓመታት በኋላ የሚያስወጡት ብዙ ናቸው። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ስሊቭን፣ ማለትም አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ ማውጣትን ይመርጣሉ። እሱ ደግሞ መመለሻ የለውም።

እኔ ለጊዜው አላስወጣውም። ላስገባ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ክሊኒኩ ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። በየወሩ መመላለስ የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል። ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር፦ ሆዴ ሲቀንስ ፖርቷ ወጣ ወጣ ማለት ጀምራለች። በሆዴ ስተኛ ትቆረቁረኛለች።