ኦብሲዲያን፦ «ይሄን ማን ያውቃል?» ለሚባልበት ቢሮ

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። በእኛ ሙያ ዕውቀቱ ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰውየው ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ይዞት ይሄዳል። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል፤ ከቆመው ማሽን ጀርባ የሚጠብቅ ታማሚ አለና። ለዚህ ነው ኦብሲዲያን በተባለ የማስታወሻ ፕሮግራም የጋራ ማስታወሻ መያዝ የጀመርነው።

ፕሮግራሙ ለግል ነፃ ነው፤ ከፈረንጆቹ 2025 ወዲህ ለመሥሪያ ቤትም ክፍያ አይጠይቅም። የጻፋችሁት ሁሉ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ነገ ፕሮግራሙን ብትተዉት እንኳ ፋይሎቹ በኖትፓድ ይከፈታሉ።

ልቤን የወሰደው ግን ማያያዣው ነው። አንድን ስም በድርብ ማዕዘን ቅንፍ [[ ]] ውስጥ ስትጽፉት የራሱ ገጽ ይኖረዋል። ለየማሽኑ ገጽ አለን፤ ለየባለሙያውም። የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅንን ለይቶ ለታማሚ የሚሰጥ ማሽን) የኦክስጅኑ ንጽሕና ከ82 በመቶ ወርዶ ሲጮህ፣ ምን እንደታየ እንጽፋለን። ምክንያቱንም እንጨምራለን፦ ማጣሪያው ተደፍኖ ነው? ወይስ ናይትሮጅኑን የሚይዘው ዚኦላይት የተባለው ማዕድን እርጥበት ገብቶበት? መጨረሻ ላይ የሠራው ሰው ስም ይገባል። የሰውየውን ገጽ ስትከፍቱ ስሙ የተጠቀሰባቸው ማስታወሻዎች በሙሉ ተደርድረው ይመጣሉ። ማንም «እኔ ባለሙያ ነኝ» ብሎ መመዝገብ የለበትም፤ ሥራው ይናገርለታል። ስለራሱ ማውራት የማይወድ፣ አውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ላይ ግን የሚያክለው የሌለ ባልደረባ አለን። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች አሁን በቀጥታ እሱን ፈልገው ይሄዳሉ። በጣም ደስ ይለኛል።

ደካማ ጎኑ የአማርኛ ፍለጋው ነው። «መሣሪያ» ተብሎ የተጻፈውን «መሳሪያ» ብላችሁ ብትፈልጉ አይመጣም። ለገጽ ስም «አሊያስ» (ተለዋጭ ስም) በሚለው ቦታ ሁለቱንም አጻጻፍ ማስገባት ይረዳል፤ ጽሑፉ መሃል ላለው ቃል ግን አያድንም። እኛ አንድ አጻጻፍ ላይ ተስማምተናል።

ለማጋራት፣ ማስታወሻውን በኮምፒውተሮች መካከል የሚያመሳስለው የኩባንያው አገልግሎት ሲንክ በዶላር ይከፈላል። ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ሰው ጣጣ ነው። እኛ ሲንክቲንግ በተባለ ነፃ ፕሮግራም በወርክሾፑ ዋይፋይ ኮምፒውተሮቹን እናገናኛለን። ሁለት ሰው አንድን ገጽ እኩል ካረመ ሁለት ቅጂ ይፈጠራል፣ ቁጭ ብሎ ማስታረቅ ይጠይቃል። ቡድናችሁ በየከተማው የተበተነና አንድ ገጽ ላይ አብሮ የሚጽፍ ከሆነ ጉግል ዶክስ ይሻላችኋል።