የተጣበቀ የሰዓት ክዳን መክፈቻ፦ ቁልፉን ግዙ፣ መያዣውን ተዉት

የሰዓቱ የኋላ ክዳን ላይ ሦስት ጭረት አለ። ረጅሙ ከጠርዙ ተነስቶ 7009 የሚለው የማሽኑ ሞዴል ቁጥር ጋ ይደርሳል። የአባቴ ሲኮ ፋይቭ ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ እጁ ላይ የኖረ ሰዓት። ባትሪ የለውም፣ በእጅ እንቅስቃሴ ነው የሚሞላው። በቀን ወደ ሩብ ሰዓት ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምር አንድ ሱቅ ወሰድኩለት፣ የሱቁን ስም አልጠራም። ልጁ ሰዓቱን በግራ እጁ ጨብጦ በቀኙ ቁልፉን ሲያዞር ቁልፉ ሾለከና ብረቱን ሲፍቀው ድምፁን ሰማሁት። ሁለቴ ደገመው። ከዚያ «ይሄ ዝጓል፣ አይከፈትም» ብሎ መለሰልኝ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ መክፈቻውን ራሴ ገዛሁ። ከመርካቶ፣ 1,200 ብር። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ባለ ሦስት እግር ቁልፍ፣ ቡጢ የምታክል የጎማ ኳስ እና አራት ችንካር ያለው የፕላስቲክ መያዣ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ክዳኑን አገላብጣችሁ እዩት። ዙሪያውን ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ካሉት እንደ ብሎን በጥርስ የሚዞር ነው፣ ይሄ ቁልፍ የተሠራው ለሱ ነው። ጉድጓድ ከሌለውና ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታስገባ ትንሽ ከንፈር ካለችው ተጭኖ የሚገባ ነው፣ እሱ በቢላ ይከፈታል። በጥርስ የሚዞረውን በቢላ የነካ ሰው ሰዓቱንም ጣቱንም ያበላሻል።

ኳሷን ወድጃታለሁ። ክዳኑ ላይ ተጭናችሁ ወደ ግራ ታዞራላችሁ፣ በቃ። ጎማ ስለሆነች አትጭርም፣ እግሩ የት ይግባ ብላችሁም አትጨነቁም። የወንድሜን ሰዓት በአንድ ትንፋሽ ነው የከፈተችው። የአባቴ ላይ ግን ዝም ብላ ተንሸራተተች። ክዳኑንም ኳሷንም በአልኮል ጠርጌ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ለዓመታት ላልተነካ ክዳን አቅም የላትም።

ቁልፉ ከጠበቅኩት በላይ ጠንካራ ነው። እግሮቹ በሚዞር መዘውር ይጠባሉ ይሰፋሉ፣ ጫፋቸውም ይቀየራል፣ ክብ አለው፣ ጠፍጣፋ አለው። ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ጫፉ ጉድጓዱን ሞልቶ ካልገባ ይሾልካል፣ ሲሾልክ ደግሞ ይጭራል። እኔ ጠፍጣፋውን መርጬ፣ ሦስቱም እግር እኩል መቀመጡን በስልኬ መብራት አይቼ፣ ክዳኑ ላይ ስኮች ለጥፌ ጀመርኩ። ቁልፉ አልሾለከም። የሸሸው መያዣው ነው። ኃይል ስጨምር ችንካሮቹ እንደ ላስቲክ ተለጠጡና ሰዓቱ ከነቁልፉ አብሮ ዞረ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቆምኩ።

ዕቃውን ጠቅልዬ ድሮ ፒያሳ ሰዓት ይሠሩ ወደነበሩ አንድ አባት ሄድኩ። አካባቢው ሲፈርስ ቦታ ቀይረዋል፣ ግን ያው ሰው ናቸው፣ ያው አጉሊ መነጽር።

«ጋሼ፣ ቁልፉ ነው የማይረባው ወይስ ሰዓቱ?» አልኳቸው።

«ቁልፍህ ምንም አልሆነም ልጄ፣ ሰዓቱን የሚይዘው ጠፍቶ ነው እንጂ» አሉኝ።

ከዚያ የራሴን ቁልፍ ነው የተጠቀሙት። መጀመሪያ ማሰሪያውን ፈቱ። በስቴኪኒና በጥርስ ብሩሽ የክዳኑን ዙሪያ ሲጠርጉት ቡናማ ዱቄት ረገፈ፣ የስንት ዓመት ላብና አቧራ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በፀጉር ማድረቂያ ለብ እስኪል አሞቁት፣ ለብ ነው ያልኩት፣ እጅ የሚያቃጥል አይደለም። ቀጥሎ በሰዓቱ ልክ የተቦረቦረ ጣውላ ውስጥ አስገቡትና ጣውላውን በሞርሳ ጠበቅ አደረጉት። ቁልፉን አሳርፈው ከላይ በክብደታቸው ተጫኑት፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ትንሽ ነካ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ጠቅ አለ። እኔ ያን ያህል የታገልኩትን እሳቸው ከወንበራቸው እንኳን ሳይነሱ ከፈቱት።

ውስጡን ሳይ የተጣበቀበት ምክንያት ገባኝ። ውሃ እንዳይገባ የምትከላከለው ቀጭን ጎማ ቀልጣ እንደ ሬንጅ ከብረቱ ጋር ተጣብቃለች። ጥርሱ ውስጥ ደግሞ ላብ የጋገረው ቆሻሻ አለ። አሮጌዋን ጠርገው አዲስ ጎማ በሲሊኮን ቅባት አሽተው አስገቡለት። ማሽኑንም አጥበው ዘይቱን ቀየሩለት። ሲዘጉትም በመጠኑ ነው ያጠበቁት። ጎማዋ ናት ውሃ የምትከለክለው፣ የክንድ ጉልበት አይደለም።

ደብሊው ዲ 40 (የዛገ ብሎን ማላቀቂያው ዘይት) ልንፋበት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ተቆጡ። ልክ ናቸው። ዘይቱ በጥርሱ ሾልኮ ማሽኑ ጋ ከደረሰ ክዳኑ ቢከፈትም ሰዓቱ አይተርፍም። ካቻቢቴ ጉድጓዱ ላይ ተክሎ በመዶሻ መምታትም ያው ነው። ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ለተበላ ክዳን አንድ ዳዶ በሱፐር ግሉ ለጥፎ በቁልፍ ማዞር፣ ኋላ ሙጫውን በአሴቶን ማስለቀቅ ይቻላል። ግን አሴቶን የፕላስቲክ መስታወት ያበላሻል፣ ስለዚህ ይሄን ለባለሙያ ተዉት።

እንግዲህ ግዙ ወይስ አትግዙ ካላችሁኝ፣ ቁልፉንና ኳሷን ግዙ፣ ለየብቻ የሚሸጥ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ። የፕላስቲኩን መያዣ ግን አትመኑት። አንድ አናጢ ጋ ሄዳችሁ በሰዓታችሁ ልክ ጣውላ አስቦርቡሩ።

አሁን ሰዓቱ በደንብ ይሄዳል። ጭረቱን ላለስልስልህ ብለውኝ ነበር፣ ግን ማለስለሻው ከጎኑ ያለውን መለያ ቁጥርም ይዞ ይሄዳል። ሲኮ ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ወሩ። የአባቴ 88 ብሎ ይጀምራል፣ ነሐሴ አካባቢ 1988 እንደ ፈረንጅ። አባቴም «በ81 ነው የገዛሁት» ይል ነበር። ጭረቱ ይቆይ አልኳቸው።