ያመኛል ወይስ ይበላኛል?

ሁለቱም ደስ አይሉም። የሚያደርጉን ነገር ግን ለየቅል ነው። እሾህ ሲወጋን እጃችንን ቶሎ እንሰበስባለን። ትንኝ የነከሰን ቦታ ላይ ደግሞ ራሳችን እጃችንን እንልካለን። ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃፈንሬፈር በ1660 (እንደ አውሮፓውያን) ማሳከክን የገለጸው በዚሁ ነው፦ እከክ እከክ የሚያሰኝ መጥፎ ስሜት።

ሕመም ብዙ ቦታ ይገባል። ጥርስም፣ አጥንትም፣ አንጀትም ያማል። ማሳከክ ግን ከቆዳና እንደ ዓይንና አፍንጫ ካሉ እርጥብ ቦታዎች አያልፍም። ጉበቱን የሚበላው ሰው የለም። የሚገርመው፣ አንዳንድ የጉበት በሽታዎች መላ ሰውነትን ያሳክካሉ፤ የሚበላው ግን ያው ቆዳው ነው።

ስናክ ለምን ይቀለናል? ጥፍር ትንሽ ሕመም ይፈጥራል። ያ ሕመም በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈውን የማሳከክ መልእክት ያፍነዋል። ተቃራኒውም ይታያል፦ ሞርፊን ሕመምን ያስታግስና አንዳንዱን ሰው ማሳከክ ይጀምረዋል።

በወሬ ላይ ሕመም ክብደት አለው። «ንግግሩ አመመኝ» ካልን ነገሩ ልብ ድረስ ዘልቋል። «ጀርባህን በላህ እንዴ?» የሚባለው ግን ዱላ ለሚጋብዝ አስቸጋሪ ነው።

ምርጫ ቢሰጠኝ ለዘብ ያለ ሕመም ይሻለኛል። ማሳከክ ማታ ማታ ይብሳል። ባከኩት ቁጥር ቆዳው ይቆጣል፣ ከዚያ ደግሞ የባሰ ይበላል።