ዛፍን በቅጠሉ ብርሃን መለየት፦ 10 ወር ከስፔክትሮሜትሬ ጋር

ይህን በእጅ የሚያዝ ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ ከፋፍሎ የሚለካ መሣሪያ) የገዛሁት በጥቅምት ነው። ሥራዬ የደን ቆጠራ ስለሆነ እንጦጦና መናገሻ ሱባ ላይ ቅጠል እየቀነጠስሁ ስለካ ነሐሴ ገባ። ሻጩ «ቅጠሉን ብቻ ያስጠጉለት፤ ስሙን ራሱ ይነግርዎታል» ብሎኝ ነበር። መናገሩስ ይናገራል። አብሮት የመጣው የማነጻጸሪያ መዝገብ የአውሮፓ ዛፎችን ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ቀን ወይራዬን እዚህ አገር በማይበቅል ዛፍ ስም ጠራው።

መሣሪያው ቅጠሉን በራሱ አምፖል ያበራና ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ከ400 እስከ 1000 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ይተነትናል፤ ውጤቱንም በመስመር ግራፍ ያሳያል። ክሎሮፊል ሰማያዊውንና ቀዩን ስለሚውጥ 550 አካባቢ ትንሽ የአረንጓዴ ጉብታ ይታያል፤ 700 አካባቢ ሲደርስ መስመሩ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከገደሉ በላይ ያለው ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው። እዚያ ላይ ወሳኙ ቀለም ሳይሆን የቅጠሉ የውስጥ አሠራር ነው፤ ሕዋሳቱ እንዴት እንደተደረደሩ፣ በመካከላቸው ምን ያህል አየር እንዳለ።

ችግሩ አንድ ዛፍ አንድ መስመር ብቻ የለውም። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል አመድማ ሰም ለብሶ ብርሃኑን ይመልሳል፤ የጎለመሰው፣ ማጭድ የሚመስለው ቅጠል ግን ሌላ ነው። ለመሣሪያው ሁለቱ የማይተዋወቁ ዛፎች ነበሩ። ወይራም በላይ በኩል ጥቁር አረንጓዴ፣ በታች በኩል ቡናማ ስለሆነ ባገላበጥሁት ቁጥር ስሙ ይቀየራል። ብሳና ሊረግፍ ሲል ወደ ብርቱካንማ የሚለወጠውን ቅጠል እንኳን አላነሣውም።

ስለዚህ የራሴን መዝገብ ጀመርሁ፤ ከየዛፉ 10 ቅጠል፣ ከፀሐይ በኩልም ከጥላም። በበጋ አቧራውን፣ በክረምት ውኃውን መጥረግ አለ። አሁን ኮሶን ከብሳና እምብዛም አያምታታም። እርግጥ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ የሚያስፈልገው ሰው የደን ቆጠራ ውስጥ ምን ይሠራል?

ገንዘቤን ያልቆጨኝ በሌላ ምክንያት ነው። ሴንቲኔል-2 ሳተላይት በ13 የብርሃን ክልሎች ምስል ያነሣል፤ ከእነዚህም የተወሰኑት ያ ገደል የሚወጣበትን ቦታ ይይዛሉ። ከላይ ሲታይ የቅጠል ቅርጽ የለም፤ ያለው ብርሃን ብቻ ነው። በምስሉ ላይ ባሕር ዛፉን ከአገር በቀሉ ስለይ የምመካው በእጄ በለካኋቸው መስመሮች ነው። የምስሉ አንዱ ነጥብ ጥራቱ ከሁሉም በሚበልጠው ክልል እንኳን 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ ቅርንጫፍም ጥላም መሬትም ይገባበታል፤ የቅጠሉን መስመር እንዳለ ወስዶ መለጠፍ አይቻልም።

ምሬቴን ልናገር። አምፖሉ በሚያዝያ ተቃጠለ፤ ምትኩን ሁለት ወር ጠበቅሁ። የቅጠሉ ብርሃን የሚነጻጸርበት ነጭ ሰሌዳ የጣት ቅባት ከነካው የቀኑ ልኬት በሙሉ ይበላሻል፤ ይህን መመሪያው ላይ አላገኘሁትም፤ የተማርሁት የአንድ ሳምንት ሥራ ጥዬ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በግልጽ የሚታይባቸው 1450 እና 1940 ናኖሜትር ከአቅሙ ውጭ ናቸው። እስከ 2500 የሚደርሱት መሣሪያዎች ግን ዋጋቸው የእኔን ብዙ እጥፍ ነው።

ጽድ ለብቻው ጣጣ ነው። ቅጠሉ ቀጭን ቅርፊት መሰል በመሆኑ የመሣሪያውን መስኮት አይሞላም፤ ብርሃኑ በየክፍተቱ ያመልጣል። ቀንበጦቹን በጥቁር ጨርቅ ላይ አጠጋግቼ ብደረድርም ልኬቱ ከቀን ቀን ይዋዥቃል። እንጦጦ ላይ ጽዱን አሁንም በዓይኔ እቆጥራለሁ።